ከውጭ የገባ ጫና የቤት ጠብ እንዳይሆን፦ ለወንድ ጥንዶች የአእምሮ ጤና መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች አንድ ቤት ይዘው ለሚኖሩ፣ ሁለቱም ወይም አንዳቸው አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑ ወንድ ጥንዶች ነው። የሚያወራውም አድልዎና መገለል በሁለቱ አእምሮ ላይ የሚያሳድሩትን ጫና እንዴት ለይቶ ማወቅና ማቃለል እንደሚቻል ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ስለ መጠሪያ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አማርኛ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሰጣቸው ስሞች አብዛኞቹ ወይ ስድብ ወይ ኩነኔ ያዘሉ ናቸው። በአዲስ አበባ ያሉት ራሳቸው ግን እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ፤ ማንም ሳይጠረጥር በካፌ ውስጥ ጮክ ተብሎ ሊነገር የሚችል ቃል መመረጡ ራሱ የመደበቅን ታሪክ ይናገራል። እኔ ከዚህ በታች ጥንዶች፣ ወዳጅ ወይም የትዳር አጋር እላለሁ።

በመጀመሪያ ጠቡ ከየት እንደመጣ ለዩ

አንድ ምሽት እናስብ። አንደኛው በሥራ ቦታው በምሳ ሰዓት ስለ «እንደነዚያ ዓይነት ሰዎች» ሲቀለድ ሰምቶ፣ ከሌሎቹ ጋር የሚስቅ መስሎ አልፎ፣ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለ ቀልዱ ትንፍሽ አይልም፤ ድስቱ ሳይታጠብ በመዋሉ ግን ይቆጣል። ሌላው ስለ ቀልዱ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የሚመልሰው ስለ ድስቱ ነው። ነገሩ ከድስት ወደ ጠባይ፣ ከጠባይ ወደ ፍቅር ይሻገርና ሁለቱም ጀርባ ተሰጣጥተው ያድራሉ። በማግስቱ «አልተስማማንም» ብለው ያስባሉ እንጂ ከሥራ ቦታ ተከትሎ የገባው ነገር አብሯቸው እራት እንደበላ አይታያቸውም።

ኢላን ማየር የተባሉት ተመራማሪ በ1995 በኒው ዮርክ ከተማ በሚኖሩ 741 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ፤ በ2003 ደግሞ ሐሳቡን አስፍተው አቀረቡት። በአማርኛ «የአናሳነት ጫና» ልንለው የምንችለው ይህ ሐሳብ፣ ድባቴና ጭንቀት በእነዚህ ሰዎች ላይ በዝተው የሚታዩት ፍቅራቸው በሽታ ስለሆነ ሳይሆን በዕለት ኑሮ ላይ ተጨማሪ ሸክም ስለሚሸከሙ ነው ይላል። የሸክሙ አንዱ ክፍል የደረሰባቸው አድልዎ፣ ስድብ ወይም ጥቃት ነው። ሌሎቹ ግን ሰው በልቡ ይዟቸው የሚዞራቸው ናቸው፤ እነርሱም ገና ያልመጣውን እየጠበቁ በተጠንቀቅ መኖር፣ ማንነትን መደበቅ፣ እንዲሁም ኅብረተሰቡ የሚለውን ክፉ ነገር በራስ ላይ አምኖ መቀበል ናቸው። እነዚህ ማንም ባልተሳደበበት ቀን እንኳ ሥራቸውን ስለማያቆሙ «ዛሬ ምንም አልሆንኩም፣ ታዲያ ለምን ደከመኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለጥንዶች ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ዴቪድ ፍሮስት፣ አለን ለብላንክና ባልደረቦቻቸው በአትላንታና በሳን ፍራንሲስኮ 120 የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን በጥልቀት አነጋግረው በ2017 ባሳተሙት ጥናት በግለሰቡ ላይ ሳይሆን በጥንድነቱ ላይ የሚያርፉ 17 ዓይነት ጫናዎችን ለይተዋል። ቤተሰብ አንደኛውን ልጁን ተቀብሎ ግንኙነቱን ግን እንደሌለ ሲቆጥር፣ ጉዳት የደረሰው በአንዱ ወይም በሌላው ላይ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ነገር ላይ ነው። የአንዱ ጭንቀት ወደ ሌላው ይጋባል፤ የሁለቱ ሸክም እኩል ሳይሆን ሲቀር ደግሞ አለመመጣጠኑ ራሱ ሌላ ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ የምመክረው የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ነው። ለሁለት ሳምንት በተጣላችሁ ቁጥር፣ ከተረጋጋችሁ በኋላ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ በጥቂት መስመሮች ጻፉ፤ ከጠቡ በፊት ባሉት ሰዓታት የት ነበርኩ፣ ከማን ጋር ተነጋገርኩ፣ ስለ ወዳጄ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ ወይ፣ ስልክ የደወለልኝ ማን ነበር? ከዚያ አብራችሁ አንብቡት። ሁሉም ጠብ ከውጭ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ድስቱን የማጠብ ተራው የእርሱ ከነበረ ተራው የእርሱ ነበር፣ አድልዎ ለስንፍና ሰበብ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን የተወሰኑት ጠቦች እሑድ ከአገር ቤት ስልክ በኋላ፣ ወይም ከአንድ የክርስትና ግብዣ መልስ የሚነሱ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የምትነጋገሩበት ጉዳይ ይለወጣል። ማስታወሻው በሌላ ሰው እጅ ሊገባ የሚችል ከሆነ ስም አትጻፉበት፣ ወይም በተቆለፈ ስልክ ውስጥ አኑሩት።

ከዚያም አንድ ልማድ አስገቡ፦ ወደ ቤት የገባው ሰው ስለ ቤት ጉዳይ ከመናገሩ በፊት ሌላው «ዛሬ ውጭ ምን ገጠመህ?» ብሎ ይጠይቀው። «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ላደግን ወንዶች ይህ መጀመሪያ ላይ የሚያሳፍር ይመስላል። መልሱ «አንድ ነገር አለ፣ አሁን አላወራውም» ቢሆንም ይበቃል፤ ሌላው ቢያንስ ቁጣው ወደ እርሱ የተላከ እንዳልሆነ ያውቃል።

እኩል ያልሆነ ድብቅነት

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ጥንዶችን የሚያቆስለው ነገር ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንደኛው ለእናቱ በስልክ «ደባሌ ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ወደ ሠርግ ብቻውን ይሄዳል፣ ወደ ለቅሶ ብቻውን ይሄዳል፣ የእድሩም የማኅበሩም ሰው «መቼ ነው የምናገባህ?» ሲለው ፈገግ ይላል። እናቱ ከአዲስ አበባ ለስድስት ወር ሲመጡ የጋራው አልጋ የአንድ ሰው አልጋ ይሆናል፣ ከግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ ይወርዳል፣ ወዳጁም በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ለእናት ቡና ሲያቀርብ «ይህ ልጅ ሚስት የለውም?» ይባላል። በተለይ ወዳጁ አሜሪካዊ ከሆነ ይህን ሁሉ እንደ ፍቅር ማነስ ወይም እንደ ፈሪነት ይቆጥረዋል።

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በ2023 ሰዎችን በስምና በምስል እያጋለጡ ለጥቃት የሚጋብዙ ቪዲዮዎች በቲክቶክ ተሰራጭተዋል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመሰል ቦታዎች እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታውቋል። በሲልቨር ስፕሪንግ የተለጠፈ አንድ ፎቶ በማግስቱ አገር ቤት ያለች እህት የምትሰደብበት ሰበብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መደበቅ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰውን መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ አለው፦ ቀኑን ሙሉ ቃልን እየመዘኑ፣ «እርሱ» ማለት ሲገባ «ሰዎቹ» እያሉ መዋል አእምሮን ያደክማል፣ ይህም ድካም የሚወጣው ቤት ውስጥ ነው።

መፍትሔው «መቼ ነው የምትናገረው?» እያሉ መጨቃጨቅ አይደለም። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሦስት ዝርዝር አውጡ፦ የሚያውቁ ሰዎች፣ የሚጠረጥሩ ሰዎች፣ ፈጽሞ ሊያውቁ የማይገባቸው ሰዎች። ለእያንዳንዱ ዝርዝር የምትናገሩትን ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በድንገት «ጓደኛዬ ነው» መባል የሚያመውን ያህል፣ አስቀድሞ የተስማሙበት ቃል አያምም። ቀጥላችሁም የሚደበቀው ሰው የትኛውን ነገር መሸከም እንደማይችል ይናገር። አንዱ «ደባል» መባልን ይችላል፣ ፎቶው መውረዱን ግን አይችልም። ሌላው የእናትን ጉብኝት ይችላል፣ እናት ሚስት ሲያጩ ዝም መባሉን ግን አይችልም። ከዚያ ያልሄደበት ሠርግ ወይም ዓመት በዓል ካለ ምትክ ይኑረው፤ የፋሲካን ዋዜማ ከዘመድ ጋር ያሳለፈ ሰው ከወዳጁ ጋር የሚፈስክበት የራሳቸው ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፍ፣ እንዳይረሳም በዚያ ቀን ሌላ ቀጠሮ አይያዝ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የማይጣስ አንድ ደንብ አለ፦ ማንም ሌላውን ያለፈቃዱ አያጋልጥም። በጠብ መካከል «ለወንድምህ እደውላለሁ» የሚል ሰው የተናደደ ባል ብቻ አይደለም፤ ማጋለጥን እንደ መሣሪያ መጠቀም በእነዚህ ጥንዶች ዘንድ የታወቀ የጥቃት ዓይነት ነው። በስደተኛ ላይ ሲሆን «ፋይልህን አበላሻለሁ» የሚል ዛቻ ይጨመርበታል። እንዲህ ዓይነት ዛቻ የደረሰበት ሰው የሚያስፈልገው የጥንዶች ምክር ሳይሆን ለብቻው ሊያነጋግረው የሚችል የቤት ውስጥ ጥቃት አማካሪና ጠበቃ ነው።

ስትጣሉ ቶሎ መመለስ

ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን 21 ወንድ ጥንዶችንና 21 ሴት ጥንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትለው በ2003 ባወጡት ጥናት እነዚህ ጥንዶች በክርክር ወቅት ከወንድና ሴት ጥንዶች ይልቅ ቀልድ የሚያስገቡ፣ ለማሸነፍም ብዙ የማይታገሉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለ ወንዶቹ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ክርክሩን የጀመረው ሰው ከመጠን በላይ ከመረረ፣ ሌላው ሊያበርደው የሚያደርገው ሙከራ እንደ ሌሎቹ ጥንዶች በቀላሉ አይሳካም። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አጀማመሩ ላይ መጠንቀቅ ነው። «አንተ ሁልጊዜ» ብሎ ከመጀመር «ዛሬ እንዲህ ሲሆን እንዲህ ተሰማኝ» ብሎ መጀመር፣ ድምፅ ከፍ ካለም ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ተለያይቶ መመለስ። የመመለሻውን ሰዓት መናገር ግዴታ ነው፤ ሲባረር ለኖረ ሰው ያለ ቃል በሩን ዘግቶ መውጣት እንደገና መባረር ነውና።

ሕመም ሲሆን ማወቅ

ድባቴ በእኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ በሐዘን ስም አይመጣም፤ በራስ ምታት፣ በጨጓራ፣ በእንቅልፍ ማጣትና በልብ መምታት ይመጣል፣ ሰውየውም ሆዱን እየታከመ ዓመት ያሳልፋል። ከሥራ በኋላ የሚጠጣው ቢራ ቁጥሩ መጨመሩን፣ ስልክ አለማንሳቱን፣ ቀድሞ ይወደው ከነበረው ነገር መራቁን አብሮ የሚኖረው ሰው ቀድሞ ያያል። ዘጠኝ ጥያቄ ያለውና ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቀው ፒኤችኪው ዘጠኝ የተባለ መጠይቅ በአማርኛም አለ፤ በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾም ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ስለሆነ፣ እርሱ ላይ ከዜሮ የተለየ መልስ ከተሰጠ የድምሩን ቁጥር አትጠብቁ። በአሜሪካ ራስን የማጥፋት ሐሳብና የአእምሮ ቀውስ ለገጠመው ሰው የተዘጋጀው የስልክ መስመር 988 ስለሆነ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። በ2025 የተዘጋው ለዚህ ማኅበረሰብ ወጣቶች ተለይቶ የነበረው ክፍል እንጂ ዋናው መስመር አይደለም።

ወዳጃችሁ ሲታመም ሐኪሙ እናንተ አትሁኑ። አጠገቡ መቀመጥ፣ ቀጠሮ ማስያዝ፣ መድኃኒቱን ማስታወስ ይበቃል። የእናንተም እንቅልፍ ሊታሰብበት ይገባል።

ባለሙያና አስተርጓሚ መምረጥ

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመም ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ግንቦት 17 ቀን 1990። ስለዚህ «ዝንባሌያችሁን እለውጣለሁ» የሚል ባለሙያ ከተጻፈው ሕክምና ውጭ ነው የቆመው፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2009 እንዲህ ያለው ሙከራ እንደሚሠራ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ጸሎትና ጸበል የእምነት ጉዳይ ናቸው፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በራሱ ፈቃድና ለልቡ ዕረፍት ይሂድ እንጂ «ለመዳን» ተጎትቶ ሲወሰድ የሚያተርፈው ተጨማሪ ውርደት ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ በግልጽ ጠይቁ፦ ከወንድ ጥንዶች ጋር ሠርተህ ታውቃለህ? ስለ አናሳነት ጫና ምን ታውቃለህ? በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ውስጥ የምታውቃቸው ሰዎች አሉ? በዋሽንግተን የሚገኘው ዊትማን ዎከር የጤና ማዕከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህንን ማኅበረሰብ የሚያገለግል በመሆኑ ለመጀመር አመቺ ቦታ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ጆን ፓቻንኪስ ለወንዶች ያዘጋጁት፣ በአድልዎ ምክንያት የመጣን ጭንቀት በአስተሳሰብና በልምምድ የሚያክም አሥር ክፍለ ጊዜ ያለው ሕክምናም አለ፤ ባለሙያችሁ ኤስቲም የሚባለውን ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

የአስተርጓሚው ጉዳይ በመመሪያዎች ውስጥ እምብዛም አይነሳም፤ ለእኛ ግን ወሳኝ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያገለግላሉ። ችግሩ በክፍሉ ውስጥ የገባው አስተርጓሚ የአጎታችሁ ልጅ የዘመረበት ቤተ ክርስቲያን አባል ሊሆን መቻሉ ነው። አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ቢሆንም ፍርሃት ላይ ሆኖ እውነት የሚናገር ሰው የለም። በአካል ሳይሆን በስልክ፣ ከተቻለም ከሌላ ግዛት እንዲሆን ጠይቁ፣ ስማችሁም ለአስተርጓሚው እንዳይነገር ለነርሷ ንገሩ። ወንድምን ወይም ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ከዘመድ ጋር የሚኖር ሰው ደግሞ ኢንሹራንሱ ወደ ቤት የሚልከው የሒሳብ ደብዳቤ የሄደበትን ሐኪም ሊያሳይ ስለሚችል፣ ደብዳቤው በኢሜይል ወይም በሌላ አድራሻ እንዲላክ አስቀድሞ ያመልክት።

ሕግና ወረቀት

ሕግ ለአእምሮ ጤና ሩቅ ነገር አይደለም። ማርክ ሃትዘንቡለርና ባልደረቦቻቸው በ2010 እንዳሳዩት፣ በ2004 ምርጫ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕገ መንግሥታቸው በከለከሉ ግዛቶች ይኖሩ በነበሩ የተመሳሳይ ወይም የሁለቱም ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የስሜት መታወክ ሕመሞች በ36.6 በመቶ ጨምረው ታይተዋል። በተቃራኒው በማሳቹሴትስ ጋብቻው ከተፈቀደ በኋላ በነበረው ዓመት፣ በአንድ የጤና ማዕከል ክትትል ሲደረግላቸው የነበሩ ወንዶች ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ብዛት ቀንሷል፤ የቀነሰውም ባለትዳር በሆኑት ብቻ ሳይሆን በነጠላዎቹም ዘንድ ነው።

ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር የሲንሲናቲ ሰዎች ነበሩ። አርተር ሰውነትን ቀስ በቀስ በሚያሽመደምድ በሽታ በታመመ ጊዜ ኦሃዮ ስለማታጋባቸው፣ በሐምሌ 2013 በሕክምና አውሮፕላን ወደ ሜሪላንድ በረው፣ ብዙዎቻችን ዘመድ በምንቀበልበት የባልቲሞር ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ተጋቡ። አርተር በጥቅምት ሞተ። ኦበርገፌል የተሟገተው በሞት ማስረጃው ላይ ባለቤት ተብሎ እንዲጻፍ ነበር፤ ሰኔ 26 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመላ አገሪቱ ጋብቻውን የፈቀደው በዚሁ መዝገብ ነው።

ተጋባችሁም አልተጋባችሁም፣ የሕክምና ውክልና፣ የገንዘብ ውክልናና ኑዛዜ አዘጋጁ፤ በሥራ ቦታ ባለው የሕይወት ኢንሹራንስና በጡረታ ሒሳብ ላይ የተጻፈውን የወራሽ ስምም ተመልከቱ፣ ከአሥር ዓመት በፊት የአክስት ስም አስገብተው የረሱ ብዙ ናቸውና። በሥራ ላይ አድልዎ ከደረሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 15 ቀን 2020 ከሰጠው የቦስቶክ ውሳኔ ወዲህ የፌዴራል ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ ይህንን ይከለክላል። አቤቱታው የሥራ አድልዎን ለሚመለከተው የፌዴራል ኮሚሽን (ኢኢኦሲ) በ180 ቀን ውስጥ፣ የግዛት ወይም የከተማ ተመሳሳይ ተቋም ባለበት ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። አቤቱታ ባታቀርቡ እንኳ ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና የሰማውን ሰው መጻፍ «ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ከሚለው አድካሚ ሐሳብ ያሳርፋል። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አሜሪካ በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻውን ማቅረብ አለበት፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ለመዘግየቱ ምክንያት ከሆነ ደንቡ እንደ ልዩ ሁኔታ ሊያየው ስለሚችል የሐኪም ማስረጃው ለጠበቃው ይድረስ።

ከነዚህ ወረቀቶች ጋር ሕግ የማይጠይቀውን አንድ ገጽ ጨምሩ። ከሁለታችሁ አንዱ በድንገት ቢሞት መርዶው ለአዲስ አበባ ለማን ይነገራል? መጀመሪያ የሚደወልለት የትኛው ወንድም ወይም የትኛዋ እህት ነው፣ በየትኛው ቋንቋ፣ አማርኛ የማይችለው ወዳጅ ሲደውል አጠገቡ ሆኖ የሚያስረዳው ማን ነው? የሚደውለው ሰው ራሱን ማን ብሎ ያስተዋውቅ? በለቅሶው ቤት ከቤተሰብ ጋር ይቀመጥ ወይስ ከጎረቤት ጋር፣ አስከሬኑስ እዚህ ያርፍ ወይስ ወደ አገር ቤት ይላክ? ሁለታችሁም በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ ፈርሙበትና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት፤ አንዱን ቅጂም ከሚያውቁት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ለመረጣችሁት ለአንዱ ስጡ።